የባልደረባዬ አመል ተጋባብኝ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 26 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲህ ጠረጴዛዬ በዕድሜ ከምትበልጠኝ ባልደረባዬ ጠረጴዛ ጋር ተያይዟል። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ሰርቪስም ላይ አብረን ነው የምንቀመጠው። በጣም እወዳታለሁ። ግን ሳይታወቀኝ እሷን እየሆንኩ ነው። እስክርቢቶ ቀጭ ቀጭ ማድረጓ፣ ስትስቅ አፏን በሻርፗ ጫፍ መሸፈኗ፣ ወሬ ስትጀምር "እኔ እምልሽ" ማለቷ፣ አዲስ ሥራ ሲመጣ በረጅሙ ተንፍሳ "ምን ዋጋ አለው" ማለቷ፣ ሁሉም ወደ እኔ መጥቷል። ታናሽ እህቴ "ዛሬም እሷን ሆነሽ መጣሽ" እያለች ትስቅብኛለች። እናቴ ደግሞ "ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች" ብላ ተረተችብኝ። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ ለመጣ አዲስ ልጅ ሥራ ሳሳየው ልክ እንደ እሱ "እሽ"፣ "ጨረስህ?" እያልኩ ማውራት ጀመርኩ። ሰው ፊት "እያሾፍሽብኝ ነው?" አለኝ። ደንግጬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ቀዝቅዟል። የራሴ የሚባል ነገር የለኝም ማለት ነው? በሽታ ይሆን? እንዴትስ ልተወው?»

መልስ፦ እህታችን፣ ከሁሉ በፊት የደብረ ማርቆሱን ልጅ ጉዳይ እንያዝ። ሌላው ቢያድር ግድ የለም፤ ይሄኛው ግን ባደረ ቁጥር ይጠጥራል። አንቺ ደንግጠሽ ዝም ስትዪ እሱ ዝምታሽን እንደ ማመን ሳይቆጥረው አልቀረም።

ለምን እንደከፋው መገመት አይከብድም። አዲስ አበባ ላይ «ጨረስክ?» የሚባለው ጎጃም፣ ጎንደርና ወሎ «ጨረስህ?» ነው፤ «እሺ»ም «እሽ» ይባላል። መጻሕፍት ላይ የምናነበው እንኳ በአብዛኛው ያንኑ «ህ» ነው። ቢሆንም ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰው በአነጋገሩ ሳይሳቅበት አይከርምም። ትምህርት ቤት ይቀለድበታል፣ ታክሲ ውስጥ ዞር ብለው ያዩታል። አዲስ መሥሪያ ቤት ሲገባ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚገባው። በሁለተኛው ሳምንት የአዲስ አበባ ልጅ በገዛ ዘዬው ስትመልስለት ከሹፈት ሌላ ምን ያስብ?

ሄደሽ ንገሪው። ሥራ ሳይጀመር ጠዋት፣ ወይም ሰው ለሻይ ሲወጣ ብቻውን ስታገኚው። ንግግሩ ከአራት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፦ «ያለፈው ሳምንት ነገር ከብዶኝ ነው የመጣሁት። አላሾፍኩብህም፤ ከሰው ጋር ሳወራ አነጋገሩ ሳይታወቀኝ ይጋባብኛል፣ ቤትም በዚሁ ይስቁብኛል። ያኔውኑ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። ሰው ፊት እንደዚያ እንዲሰማህ ስላደረግኩ ይቅርታ አድርግልኝ።» ከዚያ በኋላ እሱ ይናገር፣ አንቺ አድምጪ።

ይህን ይቅርታ የሚያበላሹ ነገሮች አሉ። በቴሌግራም አትጻፊው፤ ድምፅሽን ሳይሰማ አያምንሽም። በባልደረባሽ በኩል አትላኪ፤ የሁለት ሰው ነገር የክፍሉ ወሬ ይሆናል። እየሳቅሽ አትናገሪ፤ ስታፍሪ የምትስቂ ከሆንሽ አስቀድመሽ ቤት ውስጥ ጮክ ብለሽ ሁለት ሦስቴ ተለማመጂው። ከሁሉ በላይ ደግሞ «አነጋገርህ ደስ ስለሚለኝ ነው» እንዳትዪ። አንቺ ማመስገንሽ ይሆናል፤ እሱ ግን አነጋገሩ መታያ የሆነበት ይመስለዋል፣ ያመመውም ይኸው ነው። ነገሩ የተነሳው ሰው ፊት ስለሆነ ደግሞ በቦታው ከነበሩት አንዱ ሲያነሳው በአጭሩ «አይ፣ ያን ቀን ጥፋቱ የኔ ነበር» ማለት ይበቃል።

ከይቅርታው በኋላ ከእሱ ጋር ስታወሪ እንደ ዜና አንባቢ ቃል እየመረጥሽ አትድረቂ። መድረቁ ደግሞ መራቅ ይመስላል። የሚንሸራተትብሽ ቦታ ጠባብ ነው፤ አጫጭር መልሶችና የግሥ መጨረሻዎች ናቸው። እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ ቶሎ የምትመልሻቸው «እሺ»ዎች ላይ ትንሽ ዘግየት በዪ፤ ግማሽ ትንፋሽ ያህል ከጠበቅሽ የራስሽ «እሺ» ይመጣል። ካመለጠሽም «ይኸው ደግሞ ተጋባብኝ» ብለሽ ወሬሽን ቀጥዪ። አንዴ ስለነገርሽው ይገባዋል።

አሁን «በሽታ ይሆን?» ወዳልሽው እንምጣ። አይደለም። የሁላችንም ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። እናትሽ ከትውልድ አገራቸው ስልክ ሲደወልላቸው ጠጋ ብለሽ አዳምጪ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ድምፃቸውም የቃል አጨራረሳቸውም ይለወጣል። አንዳንድ ቤት ማን እንደደወለ የሚታወቀው ከስልኩ ሳይሆን ከመላሹ አነጋገር ነው። ዓረብ አገር ዓመታት ሠርታ የተመለሰች ሴት ወሬዋን በ«ኻላስ» ስትዘጋ ሰምተሽ ይሆናል። የውጭ አገር ሰውም እኛ አገር ሲመጣ ያው ነው። እኛ «አዎ» ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ ስናደርግ መጀመሪያ የደነገጥን ወይም ያመመን ይመስለዋል። ጥቂት ወራት ከቆየ ግን ራሱ ሳብ እያደረገ ይመልሳል፤ መቼ እንደጀመረ ብትጠይቂው አያውቀውም።

ነገሩ በምርምርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ታንያ ቻርትራንድና ጆን ባርግ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች ከማያውቁት ሰው ጋር ፎቶግራፍ እያዩ እንዲያወሩ ተደረገ። ያ የማያውቁት ሰው የተመራማሪዎቹ ተባባሪ ነበር። አንዱ ተባባሪ ፊቱን ያሻል፣ ሌላው እግሩን ያወዛውዛል። ተሳታፊዎቹ ፊቱን ከሚያሸው ጋር ሲሆኑ ፊታቸውን ማሸት፣ እግሩን ከሚያወዛውዘው ጋር ሲሆኑ እግራቸውን ማወዛወዝ አበዙ፤ በኋላ ሲጠየቁ ግን አንዳች ነገር አላስተዋሉም ነበር። በሌላው ሙከራ ተባባሪው በተራው የተሳታፊውን አቀማመጥና እንቅስቃሴ ሲከተል፣ ተሳታፊው ተባባሪውን ይበልጥ ወደደው፤ ጨዋታውም ይበልጥ ሰመረ። በሦስተኛው ደግሞ ነገሮችን በሌላው ሰው ዓይን የማየት ልማድ ያላቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ሲቀዱ ተገኙ። የራስሽ የሆነ ነገር የጎደለሽ መስሎሽ ነበር፤ ጥናቱ ያሳየው ግን ብዙ የሚቀዳው ሰውን ልብ ብሎ የሚያይ መሆኑን ነው።

ተመራማሪዎቹ ነገሩን በእስስት ስም ነው የጠሩት። በእኛ ቋንቋ «እስስት» ስድብ ነው፤ ወላዋይ፣ ለጥቅሙ ቀለሙን የሚለዋውጥ ማለት ነው። እነሱ ያሉት ሳያስበው ከአካባቢው ጋር የሚመሳሰለውን ፍጥረት ነው። ያንቺም ይኸው ስለሆነ ስድቡን በራስሽ ላይ አትውሰጂ። የእናትሽም ተረት ቢሆን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግርሽ። ጊደሯ ከአህያዋ ምን እንደወሰደች ይነግርሻል እንጂ አህያዋ ከጊደሯ ምን ወስዳ እንደገባች አይነግርሽም። ባልደረባሽም ካንቺ የወሰደችው ነገር መኖሩ አይቀርም፤ ቤተሰቧን ማግኘት ከቻልሽ ጠይቂ።

እስካሁን ያወራነው አንቺ ስለጠየቅሽው ነው። እኛን ያሳሰበን ግን በደብዳቤሽ ውስጥ ከእስክርቢቶና ከሻርፕ እኩል ጥለሽው ያለፍሽው «ምን ዋጋ አለው» ነው። ይህ እንደ ሌሎቹ የእጅ አመል አይደለም።

እስኪ ቀስ ብለን እንየው። አለቃ አዲስ ቅጽ ይዞ ይመጣል። ባልደረባሽ ትከሻዋን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አየር ትስባለች፣ በረጅሙ ትለቀዋለች፣ ትከሻዋ ይወርዳል፣ ከዚያ ቃሉ ይወጣል። እሷ ምናልባት አሥራ አምስት ዓመት ሠርታ፣ ተጀምረው የቀሩ ሥራዎችን በዓይኗ አይታ ነው እዚህ የደረሰችው፤ ትንፋሿ ታሪክ አለው። አንቺ ያን ታሪክ አልኖርሽውም። ትንፋሹን ግን ወስደሻል፤ ትንፋሹ ሲመጣ ደግሞ ፍርዱ አብሮት ይመጣል። ቅጹን ሳታነቢው ጥቅም እንደሌለው ወስነሻል። በሥራ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመትሽ ላይ ልትማሪበት የምትችይው ሥራ በዚች ትንፋሽ ሊያመልጥሽ ይችላል።

የሚያየው ሰውም ይፈርዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ላይ ተመልካቾች የቃለ መጠይቅ ቪዲዮ እንዲያዩ ተደርጎ ነበር። ጠያቂው ሰው የሚንቅና ትሁት ያልሆነ ሲሆን፣ የእሱን እንቅስቃሴ የሚከተለው ተጠያቂ ካልተከተለው ይልቅ ብቃቱ ዝቅ ተደርጎ ተገመተ፤ ተመልካቾቹ መከተሉን ልብ ባይሉትም እንኳ። ባልደረባሽ ሰው የምትንቅ ናት ማለታችን አይደለም። የማን አኳኋን እንደሚታይብሽ ለሥራሽ ለውጥ አለው ማለታችን ነው።

ስለዚህ መተው ያለብሽ ይህን አንዱን ነው፤ አምስቱን አንድ ላይ አትጀምሪ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሰኞ ሁሉንም ሊተው ይነሳል፣ ሲያወራ ራሱን እየጠበቀ ሰውየው የሚለውን መስማት ያቅተዋል፣ ረቡዕ ይሰለቸዋል።

የምንነግርሽ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1973 ናታን አዝሪንና ግሪጎሪ ነን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጥፍር መንከስን ለመሰሉ አመሎችና ሳይፈልጉት ለሚመጣ የሰውነት መወራጨት ካወጡት ዘዴ የተወሰደ ነው። መጀመሪያ ማወቅ፣ ቀጥሎ በቦታው ሌላ ነገር መተካት፣ ከዚያ የሚያግዝ ሰው መያዝ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አትተዪ። አንድ ወረቀት አራት አጥፈሽ መሳቢያሽ ውስጥ አኑሪ። ትንፋሹ በመጣ ቁጥር ሦስት ነገር ጻፊ፦ ሰዓቱን፣ ማን እንደነበረና ከትንፋሹ ልክ በፊት ምን እንደተባለ። «4፡20፣ እሷና አለቃ፣ "እስከ ዓርብ ይድረስ"» ይበቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል፤ አትደንግጪ፣ የበዛው አመሉ ሳይሆን ማየትሽ ነው። ዓርብ ማታ ወረቀቱን ስታነቢ ሁለት ነገር ፈልጊ። አንደኛ፣ እሷ በሌለችበት ቀንም ይመጣል ወይ? እሷ ስትኖር ብቻ ከሆነ ገና ከላይ ነው፤ ብቻሽንም ከመጣ ግን ሥር ይዟል፣ ስለዚህ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከምን በኋላ ነው የሚመጣው? ብዙ ጊዜ «እስከ መቼ» ወይም «በድጋሚ» ከሚል ቃል በኋላ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

በሁለተኛው ሳምንት የትንፋሹን መጀመሪያ ያዢ። ቃሉ አፍሽ ላይ ከደረሰ በኋላ ማቆም ከባድ ነው፤ ትከሻሽ ከፍ ሲል ግን ገና ጊዜ አለሽ። ትከሻሽ ሲነሳ ከተሰማሽ ከንፈርሽን ገጥመሽ በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ፣ መዳፎችሽን ጠረጴዛው ላይ አሳርፊ፣ ፍላጎቱ እስኪያልፍ አንድ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ሁኚ። የታመቀ ትንፋሽ በተዘጋ ከንፈር «ምን ዋጋ አለው» ሊል አይችልም። ከዚያ በቃሉ ቦታ ጥያቄ ተኪ፦ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ወይም «ያለፈውን ቅጽ ይተካል ወይስ ተጨማሪ ነው?» እውነተኛ ጥያቄ ይሁን። «አልልም፣ አልልም» እያሉ ብቻ መጋደል አይሠራም፤ ባዶ ቦታ የቀረ አመል ተመልሶ ይገባል። መልሱን ሰምተሽ በእርግጥም ዋጋ የሌለው ሆኖ ካገኘሽው ምክንያቱን ጠቅሰሽ ተናገሪ። ያኔ ያንቺ ፍርድ ነው።

ባልደረባሽ አጠገብሽ ሆና ስትተነፍስ መጋባቱ ይብሳል። ከእሷ ጋር ያለሽን አትቀንሺ፤ ምሳውም ሰርቪሱም ይቀጥል። አዲስ ሥራ ሲመጣ ብቻ ወረቀቱን ተቀብለሽ ከእሷ ፊት ለፊት ሳትሆኚ አንብቢው፤ ዓይንሽ ጽሑፍ ላይ ከሆነ የምትቀጂው ትንሽ ነው። «ካንቺ ተጋብቶብኝ» ብለሽ ግን አትንገሪያት። እሷ ያጠፋችው የለም፣ ቢነገራትም የምታተርፈው ማፈር ብቻ ነው።

የሚያግዝሽ ሰው እህትሽ ናት፤ ደግነቱ ሥራውን ጀምራዋለች፣ አካሄዷን ብቻ አስተካክዪላት። መሳቋን ትታ፣ ቤት ውስጥ «ምን ዋጋ አለው» ስትዪ ጠረጴዛውን በጣቷ ሁለቴ ትንካ፤ ቃል አትናገር፣ እንግዳ ካለ ደግሞ ትተወው። ሳትዪ ያለፍሽበትን ምሽትም ትንገርሽ። የሚሳቅበት ሰው አመሉን መደበቅ እንጂ መተው አይማርም።

እስክርቢቶውን በአንድ ቀን ትጨርሺዋለሽ። የሚጫን እስክርቢቶሽን ቤት አስቀምጪና ክዳን ያለው ቢክ ግዢ፤ የሚጫን ነገር ከሌለ ቀጭ የሚል ነገር የለም። ክዳኑን መንከስ ከጀመርሽ ግን ክዳኑን ከጀርባው ሰክተሽ ጻፊ።

«እኔ እምልሽ»ን ተዪው፤ የእሷም ያንቺም አይደለም፣ የአገር ነው። ሻርፑም እንደዚያው። ማንንም የማይጎዳ፣ ደስ የሚልሽ አመል ከሆነ ምን ብለሽ ትታገዪዋለሽ? ሰው ሁሉ ከእናቱ አሳሳቅ፣ ከአጎቱ አካሄድ፣ ከጓደኛው አነጋገር እየወሰደ ነው አሁን የራሴ የሚለውን ያገኘው።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፤ ያንቺ ደብዳቤ ላይ ግን አንዱም አይታይም። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ቃሉን ወዲያው መድገም አልቆም ካለ፣ ፊት ወይም ትከሻ ሳይፈልጉት በድንገት እየተወራጨ ካስቸገረ፣ ወይም ስለ ገንዘብሽ፣ ስለ እምነትሽና ስለ ትዳር ያለሽ አቋም ጭምር አጠገብሽ ባለው ሰው ልክ እየተገለበጠ የምትፈልጊውን እስከማጣት ካደረሰሽ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሐኪም አማክሪ። ንግግር በድንገት ከተኮላተፈና ፊት በአንድ በኩል ከወረደ ወይም አንድ እጅ ከዛለ ደግሞ ይህ የአመል ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ነው።

ወረቀቱን ለአራት ሳምንት ያዢው። ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ በተለይ የወር መዝጊያ ላይ ሥራ ሲደራረብ፣ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ሲደክመን መጀመሪያ የሚመጣው የቆየው አመል ነው። ያን ሳምንት ከቁጥሩ ይልቅ ስንት ጊዜ ትከሻሽ ላይ እንደያዝሽው ጻፊ። በሳምንት ከሁለት በታች ሲወርድ መጻፉን አቁሚ፤ ከዚያ በላይ መቁጠር ሌላ አመል ይሆንብሻል። የደብረ ማርቆሱን ልጅ ግን አራት ሳምንት አታስጠብቂው፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ቢሮ ድረሺ።